የስድስት ሜትር ጥያቄ

በአገራችን የፖለቲካ ታሪክ «ጥያቄ» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ የመሬት ጥያቄ ተባለ። የብሔረሰቦች ጥያቄ፣ የሴቶች ጥያቄ፣ የሃይማኖት እኩልነት ጥያቄ ተከታተሉ። እኛ የሐዋሳ ነዋሪዎችም የክልልነት ጥያቄ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ በዓይናችን አይተናል፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከተማችን የአዲሱ የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች። እነዚህ ሁሉ በጋሻ መሬት፣ በወሰንና በሕገ መንግሥት አንቀጽ የሚለኩ ጥያቄዎች ናቸው።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን የሚለካው በሜትር ነው። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ቢበዛ ስድስት ሜትር ተኩል ነው። አንድ መኪና የሚቆምበት፣ በሩ ተከፍቶ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር የሚወርድበት የመንገድ ዳር ማለቴ ነው። ውድ አንባብያን፣ «ዶክተሩ ደግሞ ይህንን ምን ብሎ የፖለቲካ ጉዳይ አደረገው?» ትሉ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

የሁለት መቶ እርምጃ ቅጣት

የምኖረው በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። ሰፈራችን ከስሙ እንደምትረዱት የመኪና ሰፈር ነው። መናኸሪያ ማለት ከሩቅ የመጣ መኪና የሚያርፍበት፣ መንገደኛ የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታ ነው። በእኛ መንገድ ዳር ባጃጅ ተራ ይጠብቃል፣ ሚኒባስ ተሳፋሪ ይጠራል፣ አይሱዙ ሲሚንቶ ያራግፋል፣ ነጋዴው ዕቃውን ይደረድራል። ሁሉም ማረፊያ አለው። ማረፊያ ያጣች አንዲት መኪና ብቻ አለች፤ የጎረቤቴ ልጅ የምትነዳት አሮጌ ቪትዝ።

ጎረቤቴ ብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው የዶክትሬቱን ነገር ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት «ልጄ» ይሉኛል። የስኳር ሕመም ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በላይ ካስቆረጣቸው ሁለት ዓመት አለፈ። የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ቤታቸው ድሮ የተሠራ በመሆኑ የግቢው በር ለሰው እንጂ ለመኪና አልተበጀም፤ ስለዚህ መኪናዋ የግድ መንገድ ዳር መቆም አለባት። የመንገዱ ዳር ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ የተያዘ ነው። ልጃቸው ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው ስትመጣ ቦታ ፍለጋ ትዞራለች፤ ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ነው።

ለእኔና ለእናንተ ሁለት መቶ እርምጃ ምንም አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር ግን ሁለት መቶ እርምጃ ማለት ክዳኑ የተነሣ የውሃ ቦይ፣ እግረኛ መንገድ ላይ የተከመረ አሸዋ፣ አጥር ተጠግቶ የቆመ ባጃጅ፣ ወጥተው የሚወርዱት የመንገድ ጠርዝ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ዝናብ እየጣለ ልጃቸው ወንበሩን ስትገፋ የፊተኛው ጎማ ቦይ ውስጥ ገባና ጋሼ ወደፊት ተደፉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንት አልተሰበረም። ነገር ግን ጭቃ በጭቃ ሆነው ወደ ቤት ተመለሱ፤ የዕለቱ የሐኪም ቀጠሮም አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጤናቸው ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መውጣቱን ትቼዋለሁ» ይሉኛል።

ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያደርገው ፖሊስ ብቻ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ያልከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤት ያልፈረደባቸው ሰው የመንገድ ዳር በማጣት ብቻ በቁም እስር ላይ ናቸው። ጉዳዩን የፖለቲካ ጉዳይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የዜጋ መውጣትና መግባት ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ምን ፖለቲካ አለ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እንግዳ የበዛብኝ እሑድ መኪናዬን በእርሳቸው በር ላይ ያቆምኩባቸው ቀናት አሉ። አንድም ቀን «አንሣ» አላሉኝም። እኔም አንድም ቀን አላሰብኩበትም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው፣ የሌላው ሕመም ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ ሳይሆን ዘግይቶ እንደነቃ ጎረቤት ነው።

«መመሪያ የለም»

ደብዳቤውን የጻፍነው አብረን ነው። «ጉዳዩ፦ ከመኖሪያ ቤቴ ፊት ለፊት ለአካል ጉዳተኛ የመኪና ማቆሚያ ቦታ እንዲከለል ስለመጠየቅ» ይላል። የሐኪም ማስረጃ፣ የመታወቂያና የሊብሬ ቅጂ አባሪ ሆነዋል። ጋሼ የሒሳብ መምህር ናቸውና የቤታቸውን ፊት ለፊት በሜትር ለክተው ንድፉን በማስመሪያ ሠርተው ጨምረውበታል።

የሄድንባቸውን ቢሮዎች በስም አልጠራም፤ አንዱን ነጥዬ ብወቅስ የበሽታውን ስፋት ማሳነስ ይሆንብኛል። የመጀመሪያው ቢሮ «ይህ የመንገድ ጉዳይ ነው» አለን። ሁለተኛው «ይህ የትራፊክ ጉዳይ ነው» አለን። ሦስተኛው «ይህ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው» አለን። በአራተኛው የተቀበለችን ሠራተኛ ከሁሉም ትሑት ነበረች፤ በጥሞና አዳመጠችንና «አባባ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልግዎት ከሆነ ልመዝግብዎት» አለቻቸው። ጋሼ የተቀመጡበትን ወንበር አየት አድርገው «ልጄ፣ ወንበሩስ አለኝ፤ ያጣሁት መሄጃውን ነው» አሏት።

በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ዘንድ ገባን። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ንድፉንም ተመለከቱ። ከዚያም «መመሪያ የለም» አሉን። ክፋት አላየሁባቸውም። ሰውየው እውነታቸውን ነው፤ መመሪያውን ፈልገው አጥተውታል።

እስቲ የሌለውን ትተን ያለውን እንቁጠር።

አንደኛ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ብዙዎች መሸሸጊያ ያደርጓታል። ይሁን። አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አንድ የብረት ምሰሶ ከሐዋሳ ከተማ አቅም በላይ ነው የሚል ሰው ካለ ግን ወጥቶ ይንገረን።

ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ይላል። እንግዲያው ይህ ስምምነት የኒው ዮርክ ወረቀት አይደለም፤ የመናኸሪያ ክፍለ ከተማም ሕግ ነው። አንቀጽ 9 አካል ጉዳተኞች መንገድንና ትራንስፖርትን ከሌላው ሰው እኩል እንዲጠቀሙ በከተማም በገጠርም እርምጃ ይወሰድ ይላል። አንቀጽ 20 በተቻለ መጠን ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ ይደረግ ይላል። ከሁሉም ይልቅ አንቀጽ 2 ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ሰው በእርሱ ሁኔታ ከሌላው እኩል መብቱን እንዲጠቀም የሚያስፈልግ፣ በሌላው ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም የማይጭን ማስተካከያ ከተከለከለ፣ መከልከሉ ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ስድስት ሜትር መስመር ከመጠን ያለፈ ሸክም ካልሆነ፣ «መመሪያ የለም» የሚለው መልስ በሕግ ቋንቋ ስሙ ምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሦስተኛ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች አዝዟል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሁለቱም የሚያስመሰግኑ ናቸው። ነገር ግን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ተመልከቱት። ሕጉ በቢሮው ደጃፍ መወጣጫ ሠርቶ፣ ከመወጣጫው ባሻገር ጠረጴዛ አዘጋጅቶ አካል ጉዳተኛውን ይጠብቀዋል። ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ወጥቶ እስከዚያ መወጣጫ የሚያደርሰው ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የሕግ ትምህርት ቤት ለጀማሪ ተማሪዎች የሚነገረው የሕግ ተዋረድ ይታወቃል፤ ከላይ ሕገ መንግሥት፣ ቀጥሎ አዋጅ፣ ቀጥሎ ደንብ፣ ከታች መመሪያ። በቢሮዎቻችን መስኮት ላይ ግን ተዋረዱ ተገልብጦ ይገኛል። መመሪያ ከሌለ አዋጁ የለም፤ አዋጁ ከሌለ ሕገ መንግሥቱ የለም። ከመመሪያውም በላይ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአለቃ ስልክ ነው። አገር በመመሪያ እጦት መብት የሚነፈግባት፣ በስልክ ጥሪ መብት የሚገኝባት ከሆነች በሕግ የምትተዳደር ናት ለማለት እቸገራለሁ።

ቦታ ማስከበር አናውቅምን?

«መመሪያ የለም» የሚለው መልስ የመጨረሻው እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በአገራችን ከተሞች ማንም የመንገድ ዳር ማስከበር ባልቻለ ነበር። ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። የሆቴሉ ጥበቃ ኮን ደርድሮ ቦታ ይይዛል። ባለሱቁ አሮጌ ጎማና ድንጋይ አስቀምጦ ይከልላል። በመሥሪያ ቤት አጥር ላይ «ለኃላፊዎች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ታነባላችሁ። ታላቅ እንግዳ ሲመጣማ የመንገዱ ዳር ቀርቶ መንገዱ ራሱ ይዘጋል። ለእነዚህ ሁሉ መመሪያው በየትኛው መዝገብ ቤት ይገኛል?

ቦታ ማስከበርስ እናውቅበታለን። ኮኑም ቀለሙም ፊሽካውም አለን። በአገራችን የመንገድ ዳር በሥልጣን ይከበራል፣ በገንዘብ ይከበራል፣ በጉልበት ይከበራል፤ መመሪያ የሚጠየቀው በመብት ሲጠየቅ ብቻ ነው። የጋሼ ጥፋት ድንጋይ ደርድረው ቦታውን በመያዝ ፈንታ ደብዳቤ መጻፋቸው ነው። ዜጋ በሕጋዊ መንገድ በመጠየቁ የሚጎዳበት፣ ድንጋይ በመደርደሩ የሚጠቀምበት ሥርዓት ምን ዓይነት ዜጋ እንደሚያፈራ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አምስቱ ተቃውሞዎች

ጉዳዩን ለባልንጀሮቼ ሳነሣ አምስት ተቃውሞዎች ተደጋግመው ቀርበውልኛል። ሁሉም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «መንገድ የሕዝብ ነው፤ ለግለሰብ አይሰጥም» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ለግለሰብ ይሰጥ ያለም የለም። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ይህንን ያውቁታል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1971 ጀምሮ ለአካል ጉዳተኞች የመኪና መለያ ካርድ ይሰጣል፤ ቀድሞ ብርቱካንማ ነበረ፣ ከ2000 ወዲህ ሰማያዊ ሆኗል። ካርዱ ያለው ሰው ግቢው መኪና የማያስገባ ከሆነ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ቦታ እንዲከለል ለአካባቢው አስተዳደር ያመለክታል። አስተዳደሩ መርምሮ ሲፈቅድ መሬቱ ላይ መስመር ይቀባል። ቦታው ግን የአመልካቹ ርስት አይሆንም፤ ካርድ ያለው ማንኛውም ሰው ሊያቆምበት ይችላል። ሰውየው ቤት ሲቀይር መስመሩ ይጠፋል። የሚከበረው አገልግሎቱ ነው፤ ባለቤት የለውም። መንገዱ የሕዝብ ነው ካልን ጋሼም ከሕዝቡ አንዱ ናቸው።

ሁለተኛው «ለመሆኑ ስንት አካል ጉዳተኛ መኪና አለው?» የሚል ነው። ጥቂት ከሆኑ ወጪው ጥቂት ነው፤ ታዲያ ምን ያስፈራል? ይሁንና ቁጥሩን እንመልከተው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ 864,218 አካል ጉዳተኞችን መዘገበ፤ ይህ ከሕዝቡ 1.2 በመቶ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ደግሞ የኢትዮጵያ ግምት 17.6 በመቶ ነው። የልዩነቱ ዋና ምክንያት የአጠያየቁ ነገር ነው። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ይደብቃል፣ ወይም እንደ ጋሼ በስተርጅና የደረሰበትን አይቆጥረውም። «ለመራመድ፣ ለማየት፣ ለመስማት ይቸገራሉ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን እውነቱ ይወጣል። በቆጠራ ያልታየ ሰው በመንገድ ሥራ ንድፍም አይታይም። ከዚህም በላይ ቦታው የግል መኪና ላላቸው ብቻ መሆን የለበትም። በሐዋሳ ብዙው ሰው የሚሄደው በባጃጅ ነው። አካል ጉዳተኛውን የሚያደርስና የሚወስድ ባጃጅ ተጠግቶ የሚቆምበት ከሆነ፣ ስድስቱ ሜትር መኪና ለሌለው ድሃ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛው «ከተፈቀደ ሁሉም አካል ጉዳተኛ ነኝ ብሎ ያጭበረብራል» የሚል ነው። የሚያጭበረብር አይጠፋም። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ይዞ የሚነዳ አለ፤ በዚህ ምክንያት መንጃ ፈቃድ መስጠት አላቆምንም። ሐሰተኛ ዲግሪ የያዘ አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን አሁንም ያስመርቃሉ። ለማጭበርበር መድኃኒቱ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና በየጊዜው የሚታደስ ካርድ ነው። የአጭበርባሪውን ዕዳ እውነተኛው ባለመብት እንዲከፍል ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

አራተኛው ከልብ የሚሰማኝ ተቃውሞ ነው። በየከተማው ተደራጅተው የማቆሚያ ክፍያ የሚሰበስቡ ወጣቶች አሉ፤ «አንድ መኪና ቦታ ሲቀንስባቸው ከእንጀራቸው ይቀነሳል» ይባላል። እነዚህ ልጆች እንደ ጋሼ ሁሉ የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው። መፍትሔው ግን ሁለቱን ድሆች ማጋጨት አይደለም። ቦታውን የመጠበቁን ሥራ ለወጣቶቹ ስጧቸው፤ የዚያችን ቦታ ገቢ አስተዳደሩ ከሚሰበስበው ላይ ይተውላቸው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከመኪና በማውረድም ቢያግዙ ከኮን የተሻለ ጠባቂ ይሆናሉ።

አምስተኛው «ሌላ ስንት ችግር ባለበት አገር!» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም መጨረሻ የለውም። ጦርነት ሲኖር ከጦርነቱ በኋላ ይባላል። ጦርነቱ ሲያበቃ ኑሮው ከተረጋጋ በኋላ ይባላል። በዚህ መካከል ጦርነቱ ራሱ እግራቸውን ያጡ ወጣቶችን ወደየቀዬው መልሷል። እነርሱም እንደ ጋሼ ከበራቸው መውጫ መንገድ ያስፈልጋቸዋል።

ቀለም ብቻውን አይበቃም

ከተማችን ለዚህ ሥራ እንደተፈጠረች ያህል ምቹ ናት። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶቿ የምትታወቅ ከተማ ናት። እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት የለባትም። በሐይቁ ዳር፣ በገብርኤል አደባባይ፣ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ በተሽከርካሪ ወንበር ለመሄድ ተፈጥሮ አልከለከለችንም። የከለከልነው እኛው ነን።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቶ ሐዋሳም ደርሷል። ስለዚህ ልማት ብዙ ተብሏል፤ እኔም የምተቸው ነገር አለኝ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሥራቱ ግን ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ በጎ ነገር መሆኑን አልክድም። ጥያቄዬ አንድ ነው። መንገድ በሚቆረጥበትና መስመር በሚሰመርበት በዚህ ሰዓት፣ በዋናው ጎዳና ላይ ብቻ ሳይሆን ከዋናው ጎዳና ጀርባ ባለው የመኖሪያ ሰፈር የጋሼን ስድስት ሜትር ማን አስታወሰ? ዛሬ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም የሚሠራው ነገ አስፋልት አስፈልጦ ይሠራል።

ቀለም ቢቀባም ሕግ ከሌለው ዋጋ የለውም። ይህንንም የሌሎች ልምድ ያስተምረናል። በእንግሊዝ አገር በየሰፈሩ ከተቀቡት ቦታዎች ብዙዎቹ የአክብሮት ልመና ብቻ ነበሩ፤ መስመሩ ላይ ያላግባብ የሚያቆመውን ሰው የሚቀጣበት ሕግ አልነበረም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ አውጥታ የአካባቢ አስተዳደሮች እነዚህን ቦታዎች የሚያስቀጣ ኃይል ያላቸው እንዲያደርጉ አዘዘች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ካርድ ሲሰጥ በኖረበት አገር ጨዋነት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። በእኛም መንገድ አይበቃም።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መሄድ የምሁር ልማድ ነው ተብለን እንወቀሳለን። ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

አንድ ጠረጴዛ ይሰየም። ጉዳዩ የመንገድም፣ የትራፊክም፣ የማኅበራዊ ጉዳይም ሊሆን ይችላል፤ ቢሮዎቹ እርስ በርስ ደብዳቤ ይጻጻፉ እንጂ ተሽከርካሪ ወንበሩ በአራት ቢሮ አይገፋ።

አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ። የሐኪም ማስረጃ፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ ግቢው መኪና የማያስገባ ስለመሆኑ በአካል የሚደረግ ምልከታ ይበቃል። መልሱ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ከተከለከለም ምክንያቱ ይጻፍ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያዛል። ክልሎችና ከተሞች ይህንን መልካም ልማድ ለመከተል ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋቸውም።

መለያ ካርድና ምልክት ይኑር። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው የሚያሳየው ዓለም አቀፍ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1968 ሱዛን ኮፉድ በተባለች ዴንማርካዊት ተማሪ የተነደፈ ነው፤ ዛሬ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይረዳዋል። አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብንም።

ቦታውን የሚጥስ ይቀጣ። ቅጣቱም ለሲቪል ታርጋ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ታርጋም ይሁን። በአገራችን አንድ ደንብ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው የመጀመሪያው የመንግሥት መኪና የተቀጣ ዕለት ነው።

ይህ ሁሉ እምቢ ከተባለ ደግሞ በር አለ። እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል ክፍል አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። የሕግ ባለሙያዎች የሆናችሁ አንባብያን ይህንን ጉዳይ እንድታስቡበት አደራ እላለሁ። አንድ ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ «መመሪያ አለመኖሩ መብትን አያስቀርም» ብሎ ቢወስን፣ ከጋሼ በር ያለፈ ብዙ በር ይከፈታል።

አሥር ብርና ስድስት ሜትር

በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ጋሼ ከመውደቃቸው በፊት አንድ ቀን ልጃቸው መኪናውን ከሩቅ እስክታመጣ በራቸው ላይ በወንበራቸው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አንድ ወጣት መንገደኛ አለፈ፤ ተመለሰና ጭናቸው ላይ አሥር ብር አስቀምጦ «እግዜር ይማርዎት አባባ» ብሎ ሄደ። ብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩት፣ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ የተቀመጡት ሰው አሥሯን ብር ይዘው ቀሩ።

«ተቆጡ?» አልኳቸው።

«ምን ያስቆጣኛል ልጄ? ልጁ ያለውን ሰጠ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «እኔ ግን ለምኜ አላውቅም፤ ጻፍኩ እንጂ» አሉ።

በዚህች አገር ለአካል ጉዳተኛ የሚራራ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ሳንቲም የማይጥል ጥቂት ነው። ርኅራኄያችን የተትረፈረፈ ነው። የጎደለን ደብዳቤ ለጻፈ ሰው መልስ መስጠት ነው። ርኅራኄ ሰጪው ደስ ባለው ቀን ይሰጣል፤ መብት ግን ሰጪው ባይደሰትም ይከፈላል። መንገደኛው ልጅ የሚችለውን አድርጓል። መንግሥት ግን መንገደኛ አይደለም፤ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ማለፍ አይችልም።

ደብዳቤው ገቢ ሆኗል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። መልስ አላገኘም። የምንጠብቀው «እሺ» የሚል መልስ ብቻ አይደለም፤ «አይሆንም» ከሆነም በጽሑፍና ከነምክንያቱ ይሁን። እስከዚያው ግን እኔ እሑድ እሑድ መኪናዬን ሌላ ቦታ አቆማለሁ።

ቸር ይግጠመን።